ወደ ውጭ የወጣ ቸርኬ፣ ትልቅ ጎማ እና የፊት ኩሺኔታ፦ ከ55,000 ኪሎ ሜትር በኋላ የተጻፈ ግምገማ

ይህ ግምገማ ለፒክአፕ መኪናዬ ገዝቼ ከሦስት ዓመት ላላነሰ ጊዜ ስለተጠቀምኩባቸው አራት ቸርኬዎችና ጎማዎች ነው። ቸርኬዎቹ ባለ 17 ኢንች፣ 9 ኢንች ስፋት ያላቸው፣ በ6 ቡሎን የሚታሰሩ የአልሙኒየም ቸርኬዎች ሲሆኑ ኦፍሴታቸው (ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚቀመጥበት ልክ፤ ከታች አብራራዋለሁ) −12 ሚሊሜትር ነው። የለበሱት ጎማ 285/70 አር 17 ነው፤ ማለትም ስፋቱ 285 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ፣ የሚገባበት ቸርኬም ባለ 17 ኢንች ነው። ከፋብሪካ አብሮ የመጣው ቸርኬ ግን 7.5 ኢንች ስፋትና +30 ኦፍሴት፣ ጎማውም 265/65 አር 17 ነበር። የአምራቹን ስም የማልጠቅሰው ሆን ብዬ ነው፤ የምናገረው የፊት ኩሺኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ኳስ ያለው የብረት ቀለበት) ችግር የአንድ አምራች ጉድለት ሳይሆን ተመሳሳይ ቁጥር የተጻፈበት ቸርኬ ሁሉ በተመሳሳይ መኪና ላይ የሚያመጣው ነውና።

በመጀመሪያ ለቸርኬዎቹ የሚገባቸውን ምስጋና ልስጥ። ቀለማቸው እስከ ዛሬ አልተላጠም፣ ከድንጋይ ጋር ደጋግመው ተጋጭተው አልተሰነጠቁም፣ ባላንስ ሲደረጉም የፈለጉት እርሳስ በጣም ጥቂት ነበር። በጀርባቸው የተጻፈው ከፍተኛ የጭነት ልክም ለመኪናዬ ከበቂ በላይ ነው። የመሀል ቀዳዳቸው ከመኪናዬ ሞዞ (ቸርኬው ከሚታሰርበት የሚዞር አካል) በጥቂት ሚሊሜትር ስለሚሰፋ አብረው የመጡት የመሀል ቀለበቶች በትክክል ገጥመዋል። ዳዶዎቹም ለሾጣጣ መቀመጫ የተሠሩ ናቸው። የፋብሪካው ዳዶ ጠፍጣፋ ስለሆነ ለአዲሱ ቸርኬ አያገለግልም፤ ይህን ሻጩ አስቀድሞ ማሳሰቡ የሚያስመሰግነው ነው። ቸርኬውን እንደ ቸርኬ ብቻ ብመዝነው ነቀፋ የማወጣበት ነገር የለኝም።

ቅሬታዬ ያለው ከምርቱ ጋር በመጣው መግለጫ ላይ ነው። መግለጫው ቸርኬው ከፓራፋንጎው ጋር ይነካካ እንደሆነ፣ መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞር ጎማው ያሽ እንደሆነ፣ የትኛው ጎማ እንደሚስማማው በዝርዝር ያስረዳል። ስለ ኩሺኔታ ግን አንድም ቃል የለውም። ገዢው ቸርኬው «ይገባል ወይስ አይገባም» የሚለውን ብቻ ጠይቆ እንዲገዛ ይተወዋል። እኔም የገዛሁት እንደዚያው ነው።

ኦፍሴት ማለት የቸርኬው ስፋት እኩሌታ ከሚያልፍበት መስመር አንስቶ ቸርኬው ከሞዞው ጋር እስከሚገጥምበት ፊት ድረስ ያለው ርቀት ነው፤ የሚለካውም በሚሊሜትር ነው። የሚገጥመው ፊት ከመሀሉ መስመር ወደ ውጭ ሲሆን ቁጥሩ አዎንታዊ ይባላል፣ ጎማውም ወደ መኪናው ሆድ ይገባል። የሚገጥመው ፊት ከመሀሉ መስመር ወደ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ቁጥሩ አሉታዊ ይሆናል፣ ጎማውም ወደ ውጭ ይወጣል። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በቸርኬው ጀርባ ላይ «ኢቲ» ከሚሉት ፊደሎች ቀጥሎ ተጽፎ ይገኛል። በእኔ መኪና ከ+30 ወደ −12 መሸጋገሩ የጎማውን መሀል 42 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ወስዶታል። ስፋቱም በ1.5 ኢንች ስለጨመረ የቸርኬው የውጭ ከንፈር ከቀድሞው ቦታ 61 ሚሊሜትር ገደማ ወጥቷል፣ የውስጡ ከንፈር ደግሞ ከሞላው 23 ሚሊሜትር ያህል ርቋል። መኪናው ሰፋ ብሎ የቆመ የሚመስለው፣ ብዙ ሰውም የሚወደው በዚህ ምክንያት ነው።

ኩሺኔታው ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። በዛሬዎቹ ፒክአፖች የፊት ሞዞ ውስጥ ያለው ኩሺኔታ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ አካል የታሸገ ባለ ሁለት ረድፍ ነው፤ አንዱ ረድፍ ወደ ጎማው፣ ሌላው ወደ መኪናው ሆድ ይቀመጣል። የፋብሪካው መሐንዲስ የቸርኬውን ኦፍሴት ሲወስን ከመሬት ወደ ላይ የሚመጣው ጭነት በሁለቱ ረድፎች መካከል እንዲያርፍ አድርጎ ነው፤ እያንዳንዱ ረድፍ ድርሻውን እንዲሸከም። ሁለት ሰዎች አንድ ከባድ ሸክም በእንጨት አንጠልጥለው ሲሄዱ ሸክሙ ከመሀላቸው ካለ እኩል ይካፈላሉ። ሸክሙ ወደ አንደኛው ሲንሸራተት ግን ያኛው ይጎብጣል። ሸክሙ ከፊተኛው ሰው ትከሻ አልፎ በእንጨቱ ጫፍ ላይ ከተንጠለጠለ ደግሞ የኋለኛው እንጨቱ እንዳይነሣበት ወደ ታች መጫን ግድ ይሆንበታል፤ ያን ጊዜ ፊተኛው የሚሸከመው ሸክሙን በሙሉ ከዚያም አልፎ የጓደኛውን ግፊት ጭምር ነው። የወጣ ቸርኬ በኩሺኔታ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

በቁጥር እንየው። በአንድ የፊት ጎማ ላይ የሚያርፈው ክብደት 600 ኪሎ ነው እንበል፤ ሁለቱ ረድፎች ጭነት በሚቀበሉባቸው ነጥቦች መካከል ያለው ርቀትም 70 ሚሊሜትር ይሁን። በፋብሪካው ቸርኬ ጭነቱ ከመሀል ካረፈ እያንዳንዱ ረድፍ 300 ኪሎ ይሸከማል። ጎማው 42 ሚሊሜትር ሲወጣ 600 ኪሎው በዚያ ርቀት ተባዝቶ ወደ 25 ኪሎግራም ሜትር የሚደርስ የማጣመም ጉልበት ይፈጥራል። ይህም ለ70 ሚሊሜትር ሲካፈል ከአንዱ ረድፍ ላይ 360 ኪሎ አንሥቶ በሌላው ላይ ይጨምራል። ስለዚህ የውጩ ረድፍ 660 ኪሎ ይሸከማል፣ የውስጡ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ 60 ኪሎ ይገፋል። የመኪናው ክብደት በአንድ ግራም እንኳ ሳይጨምር የውጩ ረድፍ ጭነት ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው።

በኩሺኔታ ስሌት የዕድሜና የጭነት ግንኙነት ቀጥተኛ አለመሆኑ ነገሩን ያብሰዋል። ለኳስ ኩሺኔታ በተለመደው ቀመር መሠረት ዕድሜው ጭነቱ በሦስተኛ ደረጃ በተባዛ ቁጥር ልክ ያጥራል። ጭነት 2.2 እጥፍ ሲሆን ዕድሜው ከ10 እጥፍ በላይ ይቀንሳል። ለሮለር ኩሺኔታ ደግሞ ደረጃው ከሦስት በጥቂቱ ይበልጣል፤ ስለዚህ ቅናሹም ይከፋል።

እዚህ ላይ ለእውነት ስል ስሌቱን ላለዝበው ይገባል። ከላይ ያለው ቁጥር መኪናው ቀጥ ብሎ በሚሄድበት ጊዜ ያለውን የአንድ ረድፍ ሁኔታ ብቻ ነው የሚያሳየው። መኪናው ሲታጠፍ መሬቱ ጎማውን ከታች ወደ ጎን ይገፋዋል፣ ይህም ግፊት በጎማው ቁመት እኩሌታ ተባዝቶ ሌላ የማጣመም ጉልበት ያመጣል። ከመታጠፊያው ውጭ በኩል ባለው ጎማ ላይ ይህ ጉልበት ኦፍሴቱ ከሚያመጣው ጋር ተቃራኒ ስለሆነ ከፊሉን ያጣፋዋል። በውስጥ በኩል ባለው ጎማ ላይ ግን ሁለቱ ይደመራሉ። ስለዚህ «አሉታዊ ኦፍሴት የኩሺኔታን ዕድሜ ወደ አንድ አሥረኛ ያወርዳል» ብሎ በደፈናው የሚናገር ሰው አጋንኗል። ትክክለኛው አነጋገር መኪና ዕድሜውን በአብዛኛው የሚጨርሰው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ነው፣ በዚያ መንገድ ደግሞ የውጩ ረድፍ ያለ ዕረፍት ይጫናል የሚለው ነው። ጎድጓድ ውስጥ ሲገባ የሚመጣው ምትም በዚያችው 42 ሚሊሜትር ይባዛል።

ጎማውስ? ብዙ ሰው ኩሺኔታ ሲበላሽ የሚከሰው ትልቁን ጎማ ነው። እኔ ግን ሁለቱን ለየብቻ ስመዝን የጎማው ድርሻ ከተባለው ያነሰ ሆኖ ነው ያገኘሁት። 265/65 አር 17 ጎማ ቁመቱ 776 ሚሊሜትር ሲሆን 285/70 አር 17 ደግሞ 831 ሚሊሜትር ነው፤ ልዩነቱ 7 በመቶ ነው። በመታጠፊያ ላይ ጎማውን 180 ኪሎ የሚያህል ግፊት ወደ ጎን ቢገፋው የማጣመም ጉልበቱ በቀድሞው ጎማ 70፣ በአዲሱ 75 ኪሎግራም ሜትር ገደማ ይሆናል። ጎማው የጨመረው 5 ነው፣ እሱም በመታጠፊያ ላይ ብቻ። ኦፍሴቱ የጨመረው ግን 25 ነው፣ እሱም ሁልጊዜ። እንዲያውም ትልቁ ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር የሚዞረው 383 ጊዜ ያህል ብቻ ሲሆን ትንሹ 410 ጊዜ ይዞራል፤ በዚህ በኩል ለኩሺኔታው ትንሽ ያዝንለታል።

ይህን ስል ትልቅ ጎማ ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም። ፍሬን ይደክማል፣ ምክንያቱም ረጅሙን ጎማ ለማቆም የሚያስፈልገው ጉልበት በዚያው 7 በመቶ ያድጋል። የፍጥነት መለኪያው 100 ሲል መኪናው የሚሄደው 107 ነው። ሰፊ ጎማ ደግሞ የውጭ ጠርዙ ብቻ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ምቱ ከመሀሉ ርቆ ስለሚያርፍ ኩሺኔታውን ይበልጥ ያጣምመዋል። በዚህ ሁሉ ላይ የጎማው ክብደት አለ፤ አዲሱን ጎማ ከነቸርኬው ሳነሣው ከቀድሞው ምን ያህል እንደሚከብድ ለማወቅ ሚዛን አላስፈለገኝም።

አሁን በራሴ መኪና ላይ ወደ ሆነው ልመለስ። የፋብሪካው ኩሺኔታዎች በፋብሪካው ቸርኬ 140,000 ኪሎ ሜትር ሄደው ድምፅ አልነበራቸውም። አዲሶቹን ቸርኬዎች ካሰርኩ 21,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ከፊት በግራ በኩል የንብ ቀፎ የሚመስል ዝቅተኛ ጉምጉምታ መሰማት ጀመረ። ፍጥነት ሲጨምር አብሮ ይጨምራል፣ ነዳጅ መስጫውን ስለቅ አይጠፋም፤ ስለዚህ ከሞተርም ከካምቢዮም እንዳልሆነ ገመትኩ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የጎማውን ጥርስ ነበር፣ ምክንያቱም ሸካራ ጥርስ ያለው ጎማ ራሱ ይጮኻል። ነገር ግን መሪውን በቀስታ ወደ ቀኝ ሳዘነብል፣ ማለትም ክብደቱ ወደ ግራው ጎማ ሲሄድ፣ ድምፁ ጎላ ይላል። ወደ ግራ ሳዘነብል ይለዝባል። የጎማ ጩኸት እንዲህ አይለዋወጥም።

መኪናውን በክሪክ አንሥቼ ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ ስወዘውዘው ለእጅ የሚሰማ መላወስ አልነበረውም። ብዙ ሰው ምርመራውን እዚህ ላይ ያቆምና «ኩሺኔታው ደህና ነው» ይላል። በታሸገ ኩሺኔታ ላይ ግን መላወስ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። የረዳኝ ሌላ ዘዴ ነው፦ በአንድ እጄ ጎማውን እያዞርኩ የሌላውን እጄን ጣቶች በሞላው ላይ አሳረፍኩ። የቀኙ ምንም አይሰማም። የግራው ላይ ግን ከጣቶቼ ሥር ደቃቅ አሸዋ የሚፈጭ ያህል መንቀጥቀጥ ነበር።

ኩሺኔታው ወጥቶ ሲከፈት ያየሁት ነገር ስሌቱን ከወረቀት አውጥቶ በእጄ ላይ አስቀመጠልኝ። የውስጡ ረድፍ ኳሶች የሚሽከረከሩበት መንገድ እንደ መስታወት ያበራል። የውጩ ረድፍ መንገድ ግን በማይዞረው ቀለበት የላይኛው ክፍል ላይ የአውራ ጣት ጥፍር በሚያህል ስፋት ብረቱ ተልጦ ሻካራ ጉድጓድ ሆኗል። ከላይ መሆኑ አያስገርምም፤ የመኪናው ክብደት ኳሶቹን የሚጫነው ሁልጊዜ በዚያው ቦታ ነው። ግራሶው አልደረቀም፣ ውኃም አልገባበትም፣ ሲሉም (ውኃና አቧራ እንዳይገባ የሚያሽገው ጎማ) አልተቀደደም። እነዚህን የምጠቅሰው ኩሺኔታን ከሚገድሉት ነገሮች ውስጥ ውኃና የተቀደደ ሲል ዋነኞቹ ስለሆኑ፣ ጥፋቱን በቸርኬው ላይ ከመጣሌ በፊት እነሱን ማጣራት ስለነበረብኝ ነው።

እንዲያም ሆኖ 161,000 ኪሎ ሜትር የሄደ ኩሺኔታ በዕድሜው ነው የሞተው ቢባል የምመልሰው አልነበረኝም። የቀኙም 6,000 ኪሎ ሜትር ቆይቶ ተከተለ። ሁለቱንም የፋብሪካው ዓይነት በሆኑ አዳዲስ ኩሺኔታዎች ቀየርኳቸው፤ በመዶሻ ሳይሆን በፕሬስ፣ ግፊቱ በኳሶቹ ላይ እንዳያልፍ ተጠንቅቆ፣ የመሀሉም ዳዶ በታዘዘለት ልክ ጠብቆ። ከዚያ በኋላ የግራው አዲሱ ኩሺኔታ 34,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላው ያንኑ ጉምጉምታ ጀመረ። አዲስ ዕቃ፣ ትክክለኛ አገጣጠም፣ ያው መኪና፣ ያው መንገድ፣ ያው ጭነት። የተለወጠው ኦፍሴቱና ጎማው ብቻ ነው፤ ከሁለቱም የትኛው እንደሚበልጥ ከላይ አሳይቻለሁ።

ከኩሺኔታው ሌላ የመሪው ጠባይም ተለውጧል። መሪው ሲዞር የፊት ጎማው የሚዞርበት የዘነበለ መስመር መሬት ከሚነካበት ነጥብ እስከ ጎማው መሀል ያለው ርቀት በኦፍሴቱ ለውጥ ልክ አድጓል። ረጅሙ ጎማ ሞዞውን 27 ሚሊሜትር ወደ ላይ ስላነሣው የመስመሩ ዝንባሌ 12 ዲግሪ ገደማ ቢሆን ከዚያ ውስጥ 6 ሚሊሜትር ያህሉን ይመልሳል፣ የቀረው 36 ሚሊሜትር ግን እንዳለ ነው። አንዱ ጎማ ጎድጓድ ሲመታ መሪው ከእጅ ይነጠቃል። አንዱ ጎማ በአሸዋ፣ ሌላው በአስፋልት ላይ ሆኖ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል። የመሪ ዘንግ ጫፎችም በዚያው መጠን ይደክማሉ። አላይመንት ይህን አያስተካክለውም፤ ሁለት ጊዜ አሠርቼ አይቼዋለሁ።

የኋላውን በአጭሩ ልለፈው። የኋላ ጎማው ኩሺኔታ በአንድ ረድፍ በዘንጉ ጫፍ ላይ በሚቀመጥበት ፒክአፕ ጎማው ሲወጣ ዘንጉ ራሱ ይበልጥ ይታጠፋል፤ ጭነት የሚያርፈውም እዚያው ነው። ሞዞው በራሱ በሁለት የተራራቁ ሾጣጣ ሮለር ኩሺኔታዎች ላይ በሚዞርባቸው ከባድ የጭነት መኪናዎች ግን በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ስለሆነ ያው 42 ሚሊሜትር የሚያመጣው ለውጥ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ የአንዱን መኪና ልምድ ለሌላው ማዋስ ያሳስታል።

በፋብሪካው ቸርኬና በሞዞው መካከል የሚገባውን ማራዘሚያ «ቸርኬ ከመቀየር ይሻላል» ብለው የሚመክሩም አሉ። ለኩሺኔታው ምንም ልዩነት የለውም። ባለ 42 ሚሊሜትር ማራዘሚያ የገባበት +30 ቸርኬ ለኩሺኔታው −12 ቸርኬ ነው፤ በዚያ ላይ ሊላላ የሚችል ሌላ ተጨማሪ የቡሎን ረድፍ ይኖረዋል።

ለምርቱ የምሰጠው ፍርድ ሁለት ነው። ባዶውን የሚሄድ፣ ሰፋ ብሎ መቆሙን የሚወድ፣ የፊት ኩሺኔታን በየ30,000 ኪሎ ሜትሩ ለመቀየር የተዘጋጀ ሰው በእነዚህ ቸርኬዎች ጥራት አይከፋም። ዕቃ ለሚጭን፣ ረጅም መንገድ ለሚሄድ፣ ኩሺኔታው ከመንገድ እንዳያስቀረው ለሚሰጋ ሰው ግን ይህን ኦፍሴት አልመክርም፤ ሻጩም ቢሆን ይህን በመግለጫው ላይ በግልጽ ሊጽፈው ይገባል። ከፓራፋንጎ ጋር መነካካቱን የሚጽፍ ሰው ኩሺኔታውን መዝለሉ ትክክል አይደለም።

እኔ አሁን የምጠቀመው ባለ 8 ኢንች፣ +10 ኦፍሴት ቸርኬና 265/70 አር 17 ጎማ ነው። ጎማው ከፋብሪካው የወጣው 20 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በዚያው ስሌት የውጩ ረድፍ 660 ሳይሆን 470 ኪሎ ገደማ ይሸከማል። ይህም ከፋብሪካው ልክ ይበልጣል፤ ሆኖም ጎማው ከመሪው ክንዶች እንዲርቅልኝ ስለፈለግሁ አውቄ የተቀበልኩት ትርፍ ጭነት ነው። አዲስ ኩሺኔታ ከተገጠመ በኋላ በዚህ ቸርኬ 43,000 ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ። ባለፈው ሳምንት ፍሬኑን ሳስፈትሽ መኪናው በክሪክ ላይ እንዳለ ሁለቱንም የፊት ጎማዎች በእጄ እያዞርኩ ጣቶቼን በሞላው ላይ አሳርፌ ነበር፤ በሁለቱም በኩል ምንም አልተሰማኝም።